ኬዛያ ቶረንስና የሱሪው እጀታ

እዚያ የጥቁሮቹ ጋልብሬዝ ኮሌጅ አዳራሽ መግቢያ ላይ የተሰቀለውን ፎቶግራፍ እዩት። ቀረብ ብላችሁ እዩት እንጂ እንደ ሌላው ሰው ገልመጥ አድርጋችሁት አትለፉ። አስራ አንድ ጎረምሶች እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል፤ ጭንቅላታቸውን ከምት እንዲያድንላቸው ፀጉራቸውን አጎፍረዋል። መሀል ላይ ኳሱ አለ፤ በኖራ «የ1903 ሻምፒዮን» ተብሎ ተጽፎበታል። በስተቀኝ አሰልጣኙ፣ በስተግራ የኮሌጁ ፕሬዚዳንት፣ ከፕሬዚዳንቱ እግር ሥር ደግሞ ውሻቸው። ከታች የሁሉም ስም በወርቅ ቀለም ሰፍሯል። የውሻውም ጭምር።

አሁን ወደ ሱሪዎቹ ዝቅ በሉ። በእያንዳንዱ ሱሪ ዳሌ ላይ፣ ግራና ቀኝ፣ እንደ ሻንጣ ጆሮ የተቆለመመ የቆዳ እጀታ ተሰፍቷል። ያንን ማን ሰፋው? ስሟን ብትፈልጉ አታገኙትም። ለውሻ የተረፈ ወርቅ ቀለም ለእሷ አለቀ!

ኬዛያ ቶረንስ ትባላለች። የተወለደችው ባርነት ቀርቷል በተባለ ማግስት ነው። እናቷ የሌላ ሰው መጋረጃና የሌላ ሰው ልጅ የክርስትና ልብስ ስትሰፋ ያረጀች ሴት ነበረች፤ ለልጇ ያወረሰቻት አንድ ወስፌና አንድ ምክር ብቻ ነው፦ «ስፌትሽን ሳትጎትቺ ከእጅሽ አታውጪ።»

ኬዛያ አደገች፣ ሆዜያ ቶረንስን አገባች፣ ሊያንደርን ወለደች። ሆዜያ ግንድ በሚሰነጠቅበት መጋዝ ቤት ይሠራ ነበር። አንድ ቀን የተከመረው ግንድ ተናደ። ገሚሱ ሐዲዱ ላይ ፈሰሰ፣ ገሚሱ ሆዜያ ላይ። አለቃው ለየትኛው እንደሚጮህ ያውቅ ነበር፦ «መጀመሪያ ሐዲዱን አጽዱ! ባቡሩ ሊደርስ ነው!» ሐዲዱ ጸዳ። ባቡሩም በሰዓቱ አለፈ፤ እልል በሉ! ከዚያ ወዲያ ሆዜያን አወጡት። ገላውን ያጠበችው ኬዛያ ናት። አንድም አጥንት አልተሰበረም። ያለቀው ትንፋሹ ነው። ግንዱ በግንባሩ ደፍቶት በአፉና በአፍንጫው ቀይ አፈር ሞልቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ልጇን ይዛ ጋልብሬዝ ገባች። እሷ የኮሌጁን ልብስ ታጥባለች፣ ልጁ ጡብ እየተሸከመ ይማራል። እጇ መርፌ እንደሚያውቅ ሲታይ የስፌት ክፍሉን ሰጧት። የነጮቹ ኮሌጆች የፋብሪካ ማሊያ ሲለብሱ የእኛዎቹ የሚለብሱት የስፌት ክፍሉ ሴቶች የሰፉትን ነው። ኬዛያ ደግሞ የእናቷን ምክር የክፍሉ ሕግ አደረገችው። ሥራ ያለቀላት ልጅ ልብሱን ይዛ ፊቷ ትቆማለች፤ ኬዛያ እግሯን ጠረጴዛው ላይ ተክላ በሁለት እጇ ስፌቱን ትጎትታለች። ከተተረተረ እንደገና ከመጀመሪያው። ስንቷ አልቅሳ ወጥታለች! ግን ከዚያ ክፍል የወጣ ልብስ ሰው ላይ ተቀዶ አያውቅም።

ጨዋታውን እግር ኳስ ይሉታል እንጂ ኳሱ የሚያዘው በእጅ ነው፤ በክንድ ሸጉጦ በሰው መሀል ጥሶ ከባላጋራ መስመር ማዶ መሬት ማስነካት ነው ቁም ነገሩ። ያን ጊዜ ኳሱን ወደ ፊት መወርወር ክልክል ነበር። ሰውን መወርወር ግን ተፈቅዷል! ስለዚህ ቀለል ያለው ልጅ ኳሱን ያቅፋል፣ ሁለት ግዙፎች ግራና ቀኝ የሱሪውን እጀታ ይዘው ያነሱትና በተከመረው ሰው አናት ላይ ያሻግሩታል። እጀታው ለዚህ ነው። የጋልብሬዝ ቀላል ልጅ ደግሞ ሊያንደር ነበር።

የዚያ ዓመት መኸር ላይ ሌላ ከተማ እንዲህ የተወረወረ ልጅ ሰው ተከምሮበት ሞቷል የሚል ወሬ መጣ። ኬዛያ ወሬውን የሰማችው ብረት ምጣድ ላይ ዓሣ ስትጠብስ ነው። ዓሣው አረረ።

«ሊያንደር፣ ይሄን ነገር ተው» አለችው ማታ ሲገባ።

«እማዬ፣ እኔ ብተወው ማንን ይወረውራሉ?»

«ጆንያ ይወርውሩ! ጥጥ የሞላ ጆንያ ሞልቶ የለም እንዴ በአገሩ?»

«ጆንያ ኳስ አይዝማ።»

«ጆንያ እናትም የለው።»

ልጁ ሳቀ። አቅፎ ግንባሯን ሳማት፤ የልጅ መሳም ደግሞ ክርክርን እንዴት እንደሚዘጋ ታውቃላችሁ። አገሩ ሁሉ ስለ አዝመራው አመስግኖ ድግስ በሚበላበት በምስጋና ቀን የጥቁር ኮሌጆች የመጀመሪያው ሻምፒዮና ነው፣ ሀርግሮቭ ኮሌጅ ሜዳ ላይ፤ ከተማው ሁሉ ሌላ ወሬ የለውም፤ የእሷ ልጅ በዚያች ሰዓት ቀረሁ ቢል በምን ፊቱ በጎዳና ሊሄድ ነው?

ስለዚህ ኬዛያ ሌላ መንገድ ፈለገች። የአስሩን ልጆች እጀታ በሰም በታሸ ድርብ ክር፣ በወስፌ እየበሳች፣ ከበቅሎ ቀንበር በተረፈ ቆዳ ሰፋችው። የሊያንደርን ግን ለልክ ብቻ ጠቅ ጠቅ ተደርጎ ኋላ በሚመዘዘው ስስ ነጭ ክር አያያዘችው። ከላይ ሰም ቀባችበት። ለዓይን ከሌላው አይለይም። ማን ይጎትተው? ጎታቿ ራሷ ናት።

«አይያዝማ! ካልተያዘ አይወረወርም፣ ካልተወረወረ አይቀበርም» አለች ለራሷ። ስህተት ነው? አዎ። ቡድኑን መክዳት ነው? ነው። አንድ ጊዜ ከግንድ ሥር ባሏን የተቀበለች ሴት ላይ ግን እኔ ድንጋይ አላነሳም። የሚያነሳ ካለ መጀመሪያ መጋዝ ቤቱ ጋ ሄዶ ያንሳ።

ሄዱ። ቡድኑ፣ ኬዛያና የስፌት ክፍሉ ልጆች፣ ለጥቁር በተለየው ፉርጎ፣ ከሞተሩ በስተኋላ፣ የከሰሉ ጥቀርሻ በመስኮት እየገባ ነጭ ሸሚዛቸውን ሲያለብሰው። ባቡሩ ላይ ምግብ የሚሸጥላቸው ስለሌለ የተጠበሰ ዶሮና የበቆሎ ዳቦ በጫማ ካርቶን ይዘዋል። የቡድኑ አምበል ሩፈስ ፔቲፎርድ፣ በር የሚያህል ልጅ፣ ሦስተኛ ካርቶን ሲከፍት ኬዛያ አየችው።

«አንተ ሩፈስ፣ የሀርግሮቭን ልጆች ልትበላ ነው ወይስ ዶሮውን?»

«እህት ኬዛያ፣ በዶሮ እየተለማመድኩ ነው።»

ፉርጎው በሳቅ ተናጋ። እሷም ሳቀች። መርፌዋን፣ ወስፌዋንና ሰም የታሸውን ክር በኮሮጆ ይዛ ነበር፤ ልማዷ ነው፤ ልብስ ካለበት ቦታ ያለ መርፌ አትሄድም።

ሜዳው በሌሊቱ ዝናብ ቀይ ጭቃ ሆኖ ጠበቃቸው። ከሀርግሮቭ ልጆች መሀል አንዱ ከሁሉም ገዝፎ ይታያል። ቲልማን አፕቸርች ይባላል፤ የጥጥ ገበሬ ልጅ ነው። የኬዛያ ዓይን እሱ ላይ ተተከለ። «ይሄ ነው እንግዲህ ልጄ ላይ የሚወድቀው» ብላ በልቧ ረገመችው፤ ይኸው እውነቱን ልንገራችሁ፣ ረገመችው።

ጨዋታው ተጀመረ። ሊያንደር ኳሱን አቀፈ። ሩፈስ በቀኝ፣ ሌላው በግራ እጀታውን ጨብጠው ብድግ ሲያደርጉት ጠረጥ! ሁለቱም እጀታ እጃቸው ላይ ቀረ። ሩፈስ በጀርባው ጭቃው ውስጥ ዘጭ አለ።

«ጋልብሬዞች! ሱሪያችሁን ያዙ፣ ኳሱን እኛ እንይዝላችኋለን!» አለ አንዱ ከዳር፤ የሀርግሮቭ ሴቶች በመሀረባቸው አፋቸውን ሸፍነው ተንከተከቱ።

ኬዛያ ዓይኗን ጨፍና «ተመስገን ጌታዬ» አለች።

ምስጋናዋ ግን ዕድሜ አልነበረውም። በአየር መሻገር የቀረበት ልጅ በእግሩ መግባት ነበረበት፤ በእግሩ ገባ፤ የሀርግሮቭ ልጆች እንደ እህል ወቁት። ሲነሳ አፍንጫው ይደማል። እንደገና ገባ። ሲነሳ ያነክሳል። እሷ ከውርወራ አድናው ለዱላ ሰጠችው። በዚህ መሀል ሀርግሮቭ ኳሱን አሻግሮ አምስት ነጥብ ያዘ፤ ከዚያ በኋላ የምትገኘውን አንዲት የምት ነጥብ ግን ሳታት።

ለዕረፍት ሲወጡ ሊያንደር ሁለቱን እጀታ በእጁ ይዞ፣ ሜዳው ዳር ከቆመው ጋሪ ጀርባ ወዳለችው እናቱ መጣ። ሌሎቹ ውሃ ይጠጣሉ። ቆዳውን ገለበጠላት፤ የመርፌው ቀዳዳ ላይ ስስ ነጭ ክር ተንጠልጥሏል።

«እማዬ፣ ይሄ ለልክ የምትጠቀሚበት ክር ነው።»

ቆዳውን ልትቀበለው እጇን ዘረጋች።

«ስትሰፊ እያየሁ ነው ያደግኩት። ተሳስተሽ አይደለም።»

«አይደለም» አለች። «አባትህን ያጠብኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም! አፈሩን ከአፉ በጣቴ ነው ያወጣሁት። አንተን ደግሞ እንዲሁ…»

ልጁ አጠገቧ ቁጢጥ አለ። የአፍንጫውን ደም በእጅጌው ጠረገ። «ታዲያ እያየሽኝ ነው አይደል? በመሬት ስሄድ ይረግጡኛል። በላይ ብሄድ ቢያንስ አይደርሱብኝም። ደግሞ ባትሰፊልኝም እገባለሁ። ለሩፈስ ሰጥቼ አሰፋዋለሁ፤ ሩፈስ ደግሞ የሚያውቀው መብላት ብቻ ነው።»

ኬዛያ ሳትወድ ፈገግ አለች፤ ከዚያ አለቀሰች፤ ከዚያ ወስፌዋን አወጣች። ሱሪው ላዩ ላይ እንዳለ፣ ድርቡን ክር እያጠላለፈች፣ ጥርሷን ነክሳ ሰፋችው። ሲያልቅ እግሯን የጋሪው ጎማ ላይ ተክላ እጀታውን በሁለት እጇ ጎተተች። ልጁ አብሮ ተንገዳገደ። ክሩ አልነቃነቅ አለ።

«ሂድ» አለችው።

ሁለተኛው አጋማሽ ዝናብ ነበር። ሰዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ቀይ ሆነው ማን የማን እንደሆነ የሚለየው በጩኸት ነው። ጋልብሬዞች እየገፉ ገፍተው ከሀርግሮቭ መስመር አፍ ደረሱ። ዳኛው፣ ጥርስ ነቃይ ነው በሥራው፣ ሰዓቱን እያየ ነው። ሩፈስ እጀታውን ጨበጠ፣ ግራውም ጨበጠ፣ ሊያንደር ተነሳ፤ እንደ ነዶ በሰው አናት ላይ ሄደ። ኬዛያ ዓይኗን መጨፈን ፈለገች፤ እምቢ አላት።

ከወዲያ ማዶ በረራውን ሳይጨርስ በትከሻው ያዙትና በፊቱ ተደፋ። ኳሱ ከክንዱ አመለጠ። ይሄን ያየ ግን አልነበረም፤ ሁሉም ኳሱ ከሆዱ ሥር ያለ መስሏቸው ከላይ ይከመራሉ፤ የራሱም ሰዎች፣ የባላጋራዎቹም። ክምሩ ከፍ አለ። ከሥር ሁለት እግሮች ብቻ ወጥተው ይታያሉ። ይራገጣሉ። ከዚያ መራገጡን አቆሙ።

ከክምሩ ዳር ቲልማን አፕቸርች ቆሟል። ኳሱ ከመስመሩ ማዶ ተንከባልሎ እግሩ ሥር ደርሷል። መውደቅ ብቻ ነው የሚጠበቅበት፤ ቢወድቅበት ጨዋታው ያልቃል፣ ሀርግሮቭ የመጀመሪያው ሻምፒዮን ይሆናል፣ ስሙም በወርቅ ቀለም ይጻፋል። ኳሱን አየው። እግሮቹን አየ። ጀርባውን ለኳሱ ሰጠ፤ ክምሩ ውስጥ ክንዱን እስከ ብብቱ ሰደደ፣ እየዳበሰ እጀታውን አገኘ፣ ጨበጠና እንደ ማገዶ ግንድ መዘዘው። ከላይ የነበሩት ተንሸራተው ወደቁ። ሊያንደር ወጣ። ፊቱ ጭቃ ብቻ ነው። ቲልማን በሆዱ ጉልበቱ ላይ አስተኝቶ ጀርባውን መታው፣ ጣቱን አፉ ውስጥ ከቶ አፈሩን ጠረገለት።

ሊያንደር አሳለው። ተነፈሰ።

በዚያች ቅጽበት ሩፈስ ኳሱ ላይ ዘጭ አለ። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ። አምስት። ቀጥሎ ምቷም ገባች። ጋልብሬዝ አንድ ነጥብ በልጦ ሻምፒዮን ሆነ፤ የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ባርኔጣቸውን ወደ ሰማይ ወረወሩ፤ ኬዛያ ግን ነጥቡን አላየችም። ጭቃው ውስጥ ተንበርክካ የልጇን ትንፋሽ በመዳፏ ትለካ ነበር።

በዚያ አገር ልማድ ነው፤ የምስጋና ቀን ጨዋታ ካለቀ ሁለቱ ቡድኖች በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት አብረው ይበላሉ፣ የተሸነፈውም ላሸነፈው ያሳልፋል። ልማዱ ደግ ነው። ሰው ግን ደግ ልማድን ዱላ ማድረግ ያውቅበታል። የሀርግሮቭ ልጆች አላሳልፍ ብለው ተቀመጡ፤ የተጠበሰውን የቱርክ ዶሮ ሳህን፣ የስኳር ድንቹን፣ ጎመኑን ሁሉ ለቲልማን ብቻ አሸከሙት።

«አዋላጁ! ወዲህ መረቅ አምጣ!»

«ቀስ በል አዋላጅ፣ ስትሮጥ ሌላ ልጅ እንዳትጥል!»

«ኳሱ እግርህ ሥር ነበር እኮ!» አለው አንድ ጓደኛው፤ ይሄኛው እየቀለደ አልነበረም፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «እግርህ ሥር!»

ቲልማን አንገቱን ደፍቶ ሳህን ይዞ ይዞራል። ጋልብሬዞችስ? እነሱም ስቀዋል! በእሱ እጅ ወንድማቸው የዳነላቸው፣ በእሱ እጅ ዋንጫ የወሰዱት፣ አሳልፍልን እያሉ ይስቃሉ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይሄ ነው።

ኬዛያ ከተቀመጠችበት ተነሳች። በክፍሉ መሀል ሄዳ ሳህኑን ከቲልማን እጅ ወሰደችው።

«እማማ፣ ይተዉት፣ እኔ…»

«ተቀመጥ።»

«ልማዱ ነው፣ የተሸነፈ…»

«ተቀመጥ አልኩህ! አንተ አልተሸነፍክም።» ከልጇ አጠገብ አስቀመጠችው። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረች። «አዋላጅ ነው ያላችሁት? እውነታችሁን ነው። እኔ ይሄን ልጅ አንድ ጊዜ ወለድኩት፤ ዛሬ ከጭቃ ያዋለደው እሱ ነው። ባሌ ከግንድ ሥር ሲሞት ሐዲድ ያጸዱ ነበር። ሐዲድ! አንድ ሰው ሐዲዱን ትቶ ወደ እሱ ቢዞር ኖሮ ዛሬ እዚህ አጠገቤ ይበላ ነበር። ይሄ ልጅ ዞረ። ሌላ የማውቀው ነገር የለም።»

ገና አልጨረሰችም፤ ምስጋና ካለ እውነት አብሮት ይምጣ አለች መሰለኝ።

«ደግሞ ስሙኝ፤ በመጀመሪያው አጋማሽ የልጄ እጀታ የተነቀለው እኔ ሆን ብዬ በስስ ክር ሰፍቼው ነው። እንዳይወረወርብኝ። የምትፈርዱ ከሆነ በእኔ ፍረዱ።»

ፕሬዚዳንቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የስፌት ክፍሉ ልጆች እርስ በርስ ተያዩ። መጀመሪያ የተናገረው ሩፈስ ነው፣ አፉ ሥጋ እንደሞላ።

«እህት ኬዛያ! ያን ሁሉ ሰው ፊት በጀርባዬ የዘረረኝ የአንቺ ክር ነው?»

«እኔ ነኝ ልጄ። ይቅር በለኝ።»

«ከጣፋጩ ፓይ ጨምሪልኝና ይቅር ብያለሁ።»

ከሀርግሮቭ በኩል ያ ዓይኑ እንባ ያቀረረው ልጅ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ተነስቶ የጎመኑን ሳህን ያዘ፤ ሌሎቹም አንድ በአንድ ተነሱ። ኬዛያ ግን የቲልማንን ሳህን ለማንም አልሰጠችም። ሥጋውን ራሷ ቆረጠችለት፣ ሶሱን ራሷ አፈሰሰችለት። ልጁ መብላት አቅቶት ሹካውን ይዞ ያለቅሳል።

«ብላ እንጂ» አለው ሊያንደር በተሰነጠቀ ከንፈሩ። «እናቴ ስታይህ ካልበላህ እኔንም አታበላኝም።»

ያቺ ቀን ለኬዛያ አላለፈችም። የምስጋና ቀን በመጣ ቁጥር ሸሚዝ ሰፍታ፣ ጎትታ ሞክራ፣ ባቡር ተሳፍራ ቲልማን ደጃፍ ትቆማለች። በአባቱ መሬት ላይ ጥጥ ሲያርስ ደጃፉ ላይ ቆማለች፤ ሲያገባ ቆማለች፤ ልጆች ሲወልድ ልጆቹ አያታቸው መስላቸው አድገዋል። አንድ ጊዜ ቲልማን «እማማ፣ ይብቃዎት እንጂ፣ ውለታው ከተከፈለ ስንት ዘመኑ» ቢላት፣ «እኔ እዳ ልከፍል አይደለም የመጣሁት። ደስ ስለሚለኝ ነው። ደስታዬን ልትከለክለኝ ነው?» ብላዋለች። ሊያንደር ጡብ ግንበኛ ሆኖ ኖረ፣ አርጅቶም በአልጋው ላይ ሞተ። በአልጋው ላይ! ለእኛ ለጥቁር ወንዶች ይሄ ራሱ ስንት ነገር እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

አንዳንዱ አዋቂ ነኝ ባይ «ታዲያ እጀታውን ባታጠብቀው መች ይወረወር፣ መች ይቀበር ነበር?» ይላል። ይበል። ኬዛያም ይሄን ስታብሰለስል ኖራለች፤ ያቺ ክር ገዳይ ትሁን አዳኝ ሳትቆርጥ ነው የሞተችው። የቆረጠችው ሌላውን ነው። ክር ክር ነው፤ መያዝ ብቻ ነው የሚያውቀው። በእጀታው በኩል ለመወርወርም እጅ ይመጣል፣ ለማውጣትም እጅ ይመጣል። የምታመሰግነው እጁን ነበር።

እንግዲህ አንተ የምታነበው፣ አንቺም የምታነቢው፤ ኳሱን ትቶ ወደ እናንተ የዞረ አንድ ሰው በሕይወታችሁ አለ። የለም አትበሉኝ። ምናልባት ዛሬ በዚያው የተነሳ ይሳቅበት ይሆናል፣ ምናልባት የሌላውን ሳህን ተሸክሞ ይዞር ይሆናል። በሕይወት ካለ ሂዱ። ሰላምታ አትላኩበት፣ በእግራችሁ ሂዱ፤ ሰው በተሰበሰበበት ሳህኑን ከእጁ ተቀበሉትና አስቀምጡት።